መሰላልና ገበያ፤ ስለ ሁለት መጻሕፍት የቀረበ ትችት

በአንድ የኤኮኖሚ ትምህርት የውይይት ሰዓት ከመካከላችን አንዱ ተማሪ ተነሥቶ «እኛ አሁን የምንገኘው በስንተኛው ደረጃ ላይ ነው?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው የመነጨው ዋልት ሮስቶው ከጻፉት «የኤኮኖሚ ዕድገት ደረጃዎች» ከተባለው መጽሐፍ ነው። ከተማሪዎቹ ከፊሉ ገና ከመጀመሪያው ደረጃ አልወጣንም አለ፤ ከፊሉ በሁለተኛው ላይ ነን ሲል ተከራከረ፤ አንዱ ደግሞ ሦስተኛውን እንደ ጀመርን በቁጥር ለማስረዳት ሞከረ። ክርክሩ ሰዓቱን ሁሉ ጨረሰው። ነገር ግን ሕዝቦች ሁሉ የሚወጡት አንድ ዓይነት ደረጃ በእርግጥ ይኖር እንደ ሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም ራሴ አልጠየቅሁም። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ ይኸው ነው።

ከዓለም ክፍሎች አንዱ በልጽጎ ሌላው በድህነት የሚኖርበትን ምክንያት ለማስረዳት የተጻፉ መጻሕፍት ብዙ ናቸው። እኔ ግን ሁለቱን ብቻ ጎን ለጎን አቅርቤ ለመመርመር አስቤአለሁ። አንደኛው ከላይ የተጠቀሰው በ1960 የታተመው የሮስቶው መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ጽፈውት፣ እርሳቸው ከሞቱ በኋላ በ1924 በአዲስ አበባ የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልኝ።

ሁለቱን መጻሕፍት ማጋጠም የማይገባ የሚመስለው ሰው ሊኖር ይችላል። የአንዱ ደራሲ በታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ያስተማሩ የታሪክ ሊቅ ናቸው፤ የሌላው ደራሲ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ያረፉ የጉምሩክ ሹም ናቸው። ነገር ግን የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነው፤ መልሳቸው ግን የተለያየ ነው። ለሮስቶው የዓለም ሕዝቦች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መሰላል የሚወጡ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ቀድሞ ወጣ፤ ሌላው ዘገየ። ለገብረ ሕይወት ግን ሕዝቦች በአንድ ገበያ የተቀመጡ ሻጮችና ገዢዎች ናቸው፤ የአንዱ ትርፍና የሌላው ጕዳት በአንድ ሚዛን ላይ ይመዘናል። እኔ እንደማምነው ሁለተኛው የነገሩን ሥር ከፊተኛው ይልቅ አጥርቶ አይቷል፤ ሆኖም እርሱም ቢሆን ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ቆሟል። ይህንንም ከዚህ በታች በቅደም ተከተል ለማሳየት እሞክራለሁ።

ሀ. የሮስቶው መሰላል

ሮስቶው መጽሐፉን ያዘጋጁት በ1958 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ከሰጡት ትምህርት ነው። በኋላም በአሜሪካ መንግሥት ውስጥ ከፍ ያለ ሥልጣን ይዘው ከ1966 እስከ 1969 የፕሬዚዳንት ጆንሰን የጸጥታ ጉዳይ አማካሪ ሆነዋል። ስለዚህ መጽሐፉ በትምህርት ቤት ብቻ ተነቦ የሚቀር አልሆነም፤ ለድኾች አገሮች ዕርዳታ እንዴት ይሰጥ በሚለው ምክር ውስጥም ገብቷል።

እንደ እርሳቸው ሐሳብ አንድ ሕዝብ ከድህነት ወደ ብልጽግና የሚደርሰው አምስት ደረጃዎችን በማለፍ ነው። መጀመሪያ ልማዳዊ ኅብረተ ሰብ አለ፤ ይህም ከኒውተን ዘመን በፊት በነበረው ዕውቀትና መሣሪያ የሚኖር ነው። ሁለተኛው የመዘጋጃ ዘመን ነው። ሦስተኛው አውሮፕላን ተንደርድሮ ከመሬት እንደሚለቅ ኤኮኖሚው የሚነሣበት ዘመን ነው፤ በዚህ ጊዜ አገሩ ከዓመታዊ ገቢው ለአዲስ ሥራ የሚያውለው ገንዘብ ከመቶ 5 ወይም ከዚያ በታች የነበረው ከመቶ 10 በላይ ይሆናል። አራተኛው ወደ ብስለት የሚገሠገሥበት፣ አምስተኛው ሕዝቡ በጠቅላላው ልዩ ልዩ ዕቃ በብዛት የሚጠቀምበት ዘመን ነው። ደራሲው ለየአገሩ የመነሻውን ዘመን ለይተው ጽፈዋል፤ ለእንግሊዝ ከ1783 እስከ 1802፣ ለአሜሪካ ከ1843 እስከ 1860፣ ለጃፓን ከ1878 እስከ 1900 ድረስ ነው ይላሉ። አርጀንቲና በ1935፣ ሕንድና ቻይና በ1952 እንደ ጀመሩም ያመለክታሉ።

ትችት ማለት ነቀፋ ብቻ አይደለምና አስቀድሞ የመጽሐፉን ደግ ጎን መናገር ይገባል። ሮስቶው ድህነት የዘር ወይም የአየር ጠባይ ውጤት ነው የሚለውን አሮጌ አስተሳሰብ አልተቀበሉም። ዛሬ ባለጠጋ የሆነው ሁሉ ትላንት ድኻ እንደ ነበረ አስታውሰዋል፤ ይህም ለድኻው ተስፋ ይሰጣል። ደግሞም ሕዝብን ወደ ሥራ የሚያነሣሣው ትርፍ ብቻ ሳይሆን የባዕድ ንቀት የሚወልደው አገር ወዳድነት ጭምር መሆኑን ተገንዝበዋል። የመጽሐፉ አነጋገር ግልጽ ስለ ሆነ ተማሪ በቀላሉ ይይዘዋል። ነገር ግን ጉድለቱም የሚጀምረው ከዚሁ ቅለት ነው።

የመጀመሪያው ጉድለት ስም አወጣጡ ላይ ነው። ከሦስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የራሱን ገንዘብ ያስቀርጽ የነበረው አክሱም፣ በወርቅ ንግድ የታወቀው የአሻንቲ መንግሥት፣ ጨርቁን ለዓለም ገበያ ያቀርብ የነበረው ሕንድ፣ በአውሮፓም ገባሩ ገበሬ ሁሉም ባንድነት «ልማዳዊ» በሚል ስም ይጠቃለላሉ። የሚያመሳስላቸው ያላቸው ነገር አይደለም፤ የሌላቸው ነው። አንድን ሐኪም በሽተኞቹን ሁሉ «ጤና የሌላቸው» ብሎ በአንድ መዝገብ ቢጽፋቸው ቃሉ ሐሰት አይሆንም፤ ግን መድኃኒት አያስገኝም።

ሁለተኛው ጉድለት ደረጃው ከተፈጸመ በኋላ ካልሆነ በቀር የማይታወቅ መሆኑ ነው። ሳይመን ኩዝኔትስ የተባሉት የቍጥር ሊቅ የሮስቶውን ዘመናት ከየአገሩ ገቢ ጋር አመሳክረው፣ አንዱን ደረጃ ከሌላው በግልጽ የሚለይ ምልክት እንዳልተገኘ አስረድተዋል። አሌክሳንደር ጌርሼንክሮን ደግሞ ዘግይቶ የሚነሣ አገር የቀደመውን ዱካ እንደማይከተል በ1962 በታተመው ሥራቸው አሳይተዋል፤ እንግሊዝ ውስጥ ግለሰብ ነጋዴ የሠራውን በጀርመን ታላላቅ ባንኮች፣ በሩስያ መንግሥት ራሱ ሠርቶታል። የአርጀንቲና ነገርማ ለመሰላሉ ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። ያች አገር በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በነፍስ ወከፍ ገቢ ከዓለም ባለጠጎች ጋር ትቈጠር ነበር፤ በ2001 ግን ዕዳዋን መክፈል አቅቷት ታየች። ወደ ላይ ብቻ የሚያስወጣ መሰላል ይህን ሊያስረዳ አይችልም።

ሦስተኛውና ዋነኛው ጉድለት ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም እያንዳንዱ አገር ብቻውን ቆሞ መታየቱ ነው። ሮስቶው ለእንግሊዝ በወሰኑት የመነሻ ዘመን ውስጥ ፊት መሪ የነበረው ሥራ የጥጥ ፋብሪካ ነው። ነገር ግን በእንግሊዝ ምድር ጥጥ አይበቅልም። ጥጡ በመጀመሪያ ከካሪብ ባሕር ደሴቶችና ከሌላም ስፍራ ይመጣ ነበር፤ የጥጥ መዳመጫው መኪና በ1793 ከተፈለሰፈ በኋላ ግን ከአሜሪካ ደቡብ ክፍል በብዛት መጣ። ያመረቱትም ከአፍሪካ በግድ የተጋዙ ባሪያዎችና ልጆቻቸው ነበሩ። የአሜሪካ መነሻ ነው በተባለው ከ1843 እስከ 1860 ባለው ዘመንም ወደ ውጭ ከሚላከው የአሜሪካ ሀብት በዋጋ እኩሌታ ያህሉ ይኸው ጥጥ ነበር።

በሌላው ወገን የሕንድ ሸማኔ አለ። እንግሊዝ የራሷን ሥራ ለመጠበቅ በ1700 እና በ1721 ባወጣቻቸው ሕጎች ቀለም የታተመበትን የሕንድ ጨርቅ ከገበያዋ ከልክላለች። ፋብሪካዋ ከበረታ በኋላ ግን በሕንድ ላይ ባላት ሥልጣን የራሷን ጨርቅ በጥቂት ቀረጥ አስገባች፤ የሕንድ ጨርቅ ወደ እንግሊዝ ሲገባ ግን ከባድ ቀረጥ ይከፈልበት ነበር። ለዓለም ጨርቅ ይሸጥ የነበረው አገር የጥጥ ሻጭና የጨርቅ ገዢ ሆነ። እንግዲህ የማንችስተር መነሣትና የሕንድ ሸማኔ መውደቅ በሁለት መሰላሎች ላይ የተፈጸሙ የተለያዩ ነገሮች አይደሉም፤ በአንድ መዝገብ የተጻፉ ገቢና ወጪ ናቸው።

እዚህ ላይ ከልክ ማለፍ አይገባም። የእንግሊዝ ሀብት ሁሉ ከባሪያና ከቅኝ አገር የተገኘ ነው ማለት መኪናውን የፈለሰፉትን ሰዎች ብልሃት መካድ ይሆናል፤ የታሪክ ሊቃውንትም በመጠኑ ላይ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ሮስቶውም የባዕድ መምጣት ልማዳዊውን ኅብረተ ሰብ እንደሚያናውጠው አልሸሸጉም። ነገር ግን ይህን እንደ ማንቂያ ደወል ብቻ ያዩታል። ደወሉን የደወለው ሰው የቤቱን መዝጊያ ቍልፍ ጭምር ይዞት እንደ ሄደ ግን በደረጃቸው ውስጥ ቦታ አልሰጡትም።

ለ. የገብረ ሕይወት ገበያ

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1886 በአድዋ አካባቢ ተወለዱ። በልጅነታቸው ከምጽዋ በመርከብ ወደ አውሮፓ ተሻግረው የጀርመንን ቋንቋና ትምህርት ቀሰሙ፤ ወደ አገራቸውም ተመልሰው በልዩ ልዩ ሥራ አገልግለው፣ በመጨረሻ የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆነው ሳሉ በ1919 ዐረፉ። የምድር ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነበርና፣ እርሳቸው በተሾሙበት ስፍራ አገሪቱ ለዓለም የምትሸጠውና ከዓለም የምትገዛው በዓይን ፊት ያልፍ ነበር። ወደ ወደብ የሚወርደው በብዛት ቡናና ቆዳ ነው፤ ሽቅብ ከሚመጣው ዋነኛው አቡጀዲና ሌላ የፋብሪካ ጨርቅ ነው።

መጽሐፋቸው የሚያስረዳው ነገር ባጭሩ እንዲህ ነው። ዕውቀትና መሣሪያ ያለው ሕዝብ በጥቂት ቀን ሥራ ያበጀውን ዕቃ፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ በብዙ ቀን ድካም ካገኘው ጥሬ ዕቃ ጋር ይለውጣል። በገበያው ላይ ዋጋው እኩል ይመስላል፤ በዋጋው ውስጥ የተሰወረው የሰው ድካም ግን እኩል አይደለም። ስለዚህ ንግዱ በሰፋ ቍጥር ባለ ዕውቀቱ ይበረታል፤ ሌላው ደግሞ በስሙ ነጻ ሆኖ ሳለ በኑሮው የሌላው ጥገኛ ይሆናል። መድኃኒቱም ትምህርት ማስፋፋት፣ ግብርን በሥርዓት መወሰን፣ ሠራተኛውን ከዝርፊያና ከጦርነት ጥፋት መጠበቅ፣ ጉምሩክንም የአገር ሥራ መጠበቂያ ማድረግ ነው።

ይህ ሐሳብ የተጻፈበትን ዘመን ማስተዋል ይገባል። የጥሬ ዕቃ ሻጭ አገሮች ንግድ በረጅም ጊዜ ወደ ጕዳታቸው እንደሚያዘነብል ራውል ፕሬቢሽና ሃንስ ሲንገር የጻፉት በ1949 እና በ1950 ነው። ጉናር ሚርዳል የንግድ ኃይል ለብቻው ሲተው የበረታውን የበለጠ እያበረታ ደካማውን የበለጠ እንደሚያደክም ያስረዱት በ1957 ነው። የእኛ ሰው ከእነዚህ ሁሉ ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ በአማርኛ፣ ከጉምሩክ መዝገብ ላይ ተነሥተው ወደዚያው በር ደርሰዋል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ የወጣው ግን በ1995 ነው። እኛም ብንሆን የሮስቶውን አምስት ደረጃዎች በቃላችን ስንደግም የገብረ ሕይወትን መጽሐፍ ግን ስሙን ብቻ እናውቃለን፤ ይህ ራሱ እርሳቸው የገለጹት ዓይነት ንግድ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። የራሳችንን ሐሳብ ጥሬውን ትተን የሌላውን በፋብሪካ የተዘጋጀ እንገዛለን ማለት ነው።

ሆኖም ለአገራችን ደራሲ ማድላት ትችት አይሆንምና ጉድለታቸውንም ማንሣት አለብኝ። ገብረ ሕይወት ምክንያቱን ሁሉ «ዕውቀት» በሚል አንድ ቃል ይጠቀልሉታል። ዕውቀት የጎደለው ሕዝቡ ነው፤ የሚያድነው ዐዋቂ መንግሥት ነው። ነገር ግን በሻጭና በገዢ መካከል ያለው ልዩነት ዕውቀት ብቻ ነውን?

ይህን በጃፓን ታሪክ እንፈትነው። የአገራችን የዚያን ዘመን ሊቃውንት ጃፓንን እንደ ምሳሌ ያነሡ ነበር። ከ1866 ጀምሮ በግድ በተጻፈባት ውል ጃፓን በውጭ ዕቃ ላይ ከመቶ 5 ያህል ብቻ እንድትቀርጥ ተወስኖ ነበር፤ ሙሉ የቀረጥ ሥልጣኗ የተመለሰላት በ1911 ነው። ኢትዮጵያም በ1908 ከፈረንሳይ ጋር ባደረገችው ውል ቀረጧ በጠቅላላው ከመቶ 10 እንዳይበልጥ ታስራ ነበር። እንግዲህ ሁለቱም ታስረው ነበር፤ የጃፓን እስራት እንዲያውም የጠበቀ ነበር። ነገር ግን ጃፓን በ1872 ሕፃናት ሁሉ እንዲማሩ ዐወጀች፤ በ1873 የመሬት ግብርን በገንዘብ አድርጋ በሥርዓት ደነገገች፤ መንግሥቱም በዚያ ገቢ ፋብሪካ አቋቋመ። ይህ ለገብረ ሕይወት ምስክር ይሆናል፤ ዕውቀትና የተስተካከለ ግብር የተጠማዘዘ ውል እንኳ ሊያሸንፉ ይችላሉ። ግን በዚያው መጠን ዕውቀት ብቻውን አለመሆኑን ያሳያል። የተማረው ሰው ያለ ግብሩ ሥርዓት፣ ግብሩም ያለ መንግሥቱ ውሳኔ ፋብሪካ አይሆኑም ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ዛሬው ቡና እንምጣ። የይርጋ ጨፌ ወይም የጅማ ገበሬ ስለ ቡና ዕውቀት የለውም የሚል ሰው ካለ ገበሬውን አላየውም። የትኛው እሸት እንደ ደረሰ፣ ምን ያህል ፀሐይ እንደሚበቃው፣ የትኛው ጥላ ዛፍ እንደሚስማማው ጠንቅቆ ያውቃል። ቡናው በሰብሳቢ፣ በአቅራቢና በላኪ እጅ አልፎ ወደ ውጭ የሚሄደው ግን በአብዛኛው ሳይቈላ ነው። ጀርመን አንድ የቡና ዛፍ የላትም፤ ነገር ግን የተቈላና የተዘጋጀ ቡና ወደ ሌሎች አገሮች በብዛት ከሚልኩት አንዷ ናት።

ይህ ለምን ሆነ? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የአውሮፓ ቀረጥ ነው የሚል ነው። በእርግጥ የአውሮፓ ኅብረት ያልተቈላ ቡናን ያለ ቀረጥ እያስገባ፣ የተቈላውን ግን በጠቅላላው ደንቡ ከመቶ 7.5 ሲቀርጥ ቆይቷል፤ ይህ ድኻው ጥሬውን ብቻ እንዲሸጥ የሚገፋ ደንብ ነው። ነገር ግን እንደ ኢትዮጵያ ያሉት እጅግ ድኻ የተባሉ አገሮች ከ2001 ጀምሮ ከዚህ ቀረጥ ነጻ ሆነዋል። በሩ ተከፍቶ ሳለ የተቈላው ቡናችን በብዛት አልገባም። የተቈላ ቡና ቶሎ መዓዛው ስለሚጠፋ ለጠጪው ቀርቦ መቈላት አለበት፤ ቈይው የብዙ አገሮችን ቡና ይቀላቅላል፤ ከሁሉም በላይ የመደብሩ መደርደሪያ፣ የንግድ ምልክቱና የጠጪው ልማድ በሌላ እጅ ናቸው። ይህ ሁሉ ዕውቀት ነው ቢባል እውነት ነው፤ ግን በትምህርት ቤት የሚሰጥ ዕውቀት አይደለም። በገበያው ውስጥ አስቀድሞ የተያዘ ስፍራ ነው።

ዋጋውንም ብንመለከት ያው ነው። በ1962 የተፈረመው የቡና ስምምነት ለሻጮች አገሮች የመጠን ድርሻ እየወሰነ ዋጋውን ይደግፍ ነበር። ድርሻው በ1989 ፈረሰ፤ ዋጋውም ወዲያው ወደቀ፤ በ2001 ዓለም አቀፉ አማካይ ዋጋ በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። በእነዚያ ዓመታት የገበሬው ዕውቀት አልቀነሰም፤ ሥራውም አልሰነፈም። የተለወጠው በገበያው ላይ የመወሰን ሥልጣን ነው። ገብረ ሕይወት የገበያውን ሚዛን አጥርተው አዩ፤ ሚዛኑን ማን እንደ ያዘው ግን እስከ መጨረሻው አልጠየቁም።

ሐ. ሁለት ፋብሪካዎች

ሁለቱን መጻሕፍት ለመፈተን ጋናንና ደቡብ ኮርያን ማነጻጸር ይጠቅማል። በ1960 ገደማ ሁለቱ በነፍስ ወከፍ ገቢ እምብዛም አይራራቁም ነበር። በሮስቶው መሰላል ብናቆማቸው በአንድ ደረጃ ላይ በጎን ለጎን የቆሙ ይመስሉ ነበር። ዛሬ ያለው ርቀት ግን ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ ኮርያ በ1996 በባለጠጎች አገሮች የኤኮኖሚ ድርጅት ውስጥ ገብታለች።

ጋና ነጻነቷን በ1957 ካገኘች በኋላ የቮልታን ወንዝ በአኮሶምቦ ገደበች፤ ግድቡ በጥር 1966 ተመረቀ። ከኤሌክትሪኩ አብዛኛው የተመደበው በ1967 ሥራ ለጀመረ የአሉሚኒየም ፋብሪካ ነው። የአሉሚኒየም ጥሬ ዕቃ የሆነው ቦክሳይት በጋና ምድር ይገኛል። ነገር ግን ፋብሪካው የአሜሪካ ኩባንያዎች ስለ ነበረ፣ ያቀልጥ የነበረው ከባሕር ማዶ ተዘጋጅቶ የመጣውን ነው፤ የጋና ቦክሳይት ደግሞ ጥሬውን ወደ ውጭ ይሄድ ነበር። ኤሌክትሪኩም በረጅም ውል በርካሽ ዋጋ ይሰጥ ነበር። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

ኮርያ በበኩሏ ለብረት ፋብሪካ የሚበቃ ጥሬ ዕቃ አልነበራትም፤ ብረት አዘሉን ድንጋይም ከሰሉንም ከውጭ ማስመጣት ነበረባት። በ1968 አንድ የዓለም ባንክ ጥናት ሥራው ጊዜው አልደረሰም ብሎ ተቃወመ፤ ሊያበድሩ የነበሩትም አፈገፈጉ። መንግሥቱ ግን በ1965 ከጃፓን ጋር በታረቀ ጊዜ ካገኘው ገንዘብ ከፍሎ በፖሃንግ ፋብሪካውን አሠራ፤ በ1973 ብረት ማውጣት ጀመረ፤ ብረቱም ለመርከብና ለመኪና ሥራ ዋለ።

እነዚህ ሁለት ፋብሪካዎች ብዙ ነገር ይናገራሉ። ጥሬ ዕቃና ኃይል የነበረው አገር የሚቀጥለውን ሥራ ለሌላ አሳለፈ፤ ጥሬ ዕቃ ያልነበረው አገር ግን የሚቀጥለው ሥራ በቤቱ እንዲሠራ ወሰነ። ልዩነቱ የደረጃ አይደለም፤ ሁለቱም በአንድ ደረጃ ላይ ነበሩና። የዕውቀትም ብቻ አይደለም። ልዩነቱ በውሉ ውስጥ ነው፤ ውሳኔው በማን እጅ እንደ ነበረ ነው።

ነገር ግን ኮርያን እንደ ተረት አድርጎ ማቅረብም አይገባም። ከጦርነቱ በኋላ ብዙ የአሜሪካ ዕርዳታ አግኝታለች፤ ይህም የተሰጣት በነበረችበት የጦር ሰልፍ ምክንያት ነው። በ1950 ገደማ መሬት ለአራሹ መከፋፈሉ የባላባቱን ኃይል ሰብሮ ለትምህርትና ለሥራ መንገድ ከፍቷል። መንግሥቱ ለነጋዴ ብድር ሲሰጥ ወደ ውጭ ምን ያህል እንደ ሸጠ ይጠይቀው ነበር። ሠራተኛው ግን በብዙ ጭቈና ኖሯል፤ ይህ የሚመሰገን አይደለም። በሌላው ወገን ደግሞ የጋና ችግር ሁሉ ከውጭ የመጣ አይደለም፤ ከካካዎ ገበሬው ዋጋ ላይ መንግሥቱ ራሱ ብዙ ይቈርጥ ነበር። ስለዚህ ገበያው እኩል አይደለም ብሎ ማማረር ብቻ የራስን ጥፋት መሸፈኛ ሊሆን ይችላል። ኮርያ የተዘጋ የመሰለው በር ሊከፈት እንደሚችል አሳይታለች፤ የተከፈተው ግን ደረጃን በመጠበቅ አይደለም።

መ. መደምደሚያ

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። «በስንተኛው ደረጃ ላይ ነን?» የሚለው ጥያቄ ጕዳት አለው። መጀመሪያ፣ ድህነትን እንደ ዕድሜ ያስቈጥረዋል፤ ሕፃን ቢቈይ ያድጋል እንደሚባለው ድኻም ቢታገሥ ይበለጽጋል ያሰኛል። ሁለተኛ፣ ዓይናችንን ከውሉ፣ ከቀረጡ፣ ከዋጋውና ከገበሬው ድርሻ አንሥቶ በመቶኛ ቍጥር ላይ ያሳርፋል። ሦስተኛም፣ የቀደመውን እንደ አስተማሪ ብቻ እንጂ እንደ ተገበያይ እንዳናየው ያደርገናል።

በዚህ ፈንታ ልንጠይቅ የሚገባን ሌላ ነው፤ ይኸውም፦ ከምድራችን በሚወጣው ዕቃ ላይ የሚቀጥለው ሥራ የት ይሠራል? ይህንንስ የሚወስነው ማን ነው? ይህ ጥያቄ ለቡና ያገለግላል፤ ለቆዳም፣ ለሰሊጥም፣ ለኤሌክትሪክ ኃይልም ያገለግላል። የውጭውን ኩባንያ ብቻ ሳይሆን የአገሩን መንግሥትና ነጋዴም ይመረምራል፤ ገበሬው ላይ የሚጫነው ሚዛን በከተማ ሰው እጅ ቢሆንም ያው ሚዛን ነውና። ሚርዳልም እንደ ተናገሩት በአገሮች መካከል ያለው መራራቅ በአንድ አገር ክፍሎችም መካከል ይገኛል።

ሮስቶው ተስፋን ሰጥተውናል፤ መንገዱን ግን ከሌሎች ጋር እንደማንጋራው አድርገው ሥለውታል። ገብረ ሕይወት መንገዱ ገበያ መሆኑን አሳይተውናል፤ ከዕውቀት ጋር ሥልጣንንም መመርመር ግን ለእኛ ቀርቶልናል። ይህ ሥራ ከሩቅ አገር በሚመጣ መጽሐፍ አይፈጸምም። በዚህ ኮሌጅ ያለን ተማሪዎች እያንዳንዳችን አንዲት ዕቃ መርጠን፣ ከማሳው እስከ ወደቡ፣ ከወደቡም እስከ ገዢው ድረስ ተከትለን በየእጁ የሚቀረውን ብንጽፍ፣ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በድሬዳዋ የጀመሩትን መዝገብ እንቀጥለዋለን ብዬ አምናለሁ።

በዚህ ጽሑፍ ስሕተት ያገኙ መምህራንና ጓደኞቼ በሚቀጥለው እትም እንዲያርሙኝ በትሕትና እለምናለሁ።